ኢሲቲ ለነፍሰ ጡር፦ የአገልግሎቱ ግምገማ

ነፍሰ ጡር ሴት በከባድ ድብርት ወይም በካታቶኒያ (ሰውነት ደርቆ መናገርና መንቀሳቀስ በሚያቆምበት ሕመም) ምክንያት እህል ውኃ ከተወች፣ ወይም ራሷን ለማጥፋት ካሰበች፣ መድኃኒት እስኪሠራ ሳምንታት መጠበቅ ለእሷም ለጽንሱም ያሰጋል። በተለምዶ ‹‹ሾክ›› የሚባለው ኢሲቲ፣ ማለትም በማደንዘዣ ካስተኙ በኋላ በጭንቅላት በኩል ኮረንቲ ሰጥቶ አጭር መንቀጥቀጥ የሚያስነሣው ሕክምና፣ የሚታሰበው ያን ጊዜ ነው። የእኛ ፍርድ፦ ማደንዘዣ ባለሙያ፣ የማሕፀን ሐኪምና የጽንስ ልብ ምት መከታተያ ባለበት ሆስፒታል ጥሩ ሕክምና ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ወደ ተሟላ ሆስፒታል መላክ ይሻላል።

ቤተሰብ አብዝቶ የሚፈራው ኮረንቲውን ነው። ኮረንቲውን የሚያስተላልፉት ኤሌክትሮዶች ጭንቅላት ላይ ስለሚቀመጡ ማሕፀኑ ከመንገዱ ውጪ ነው። መንቀጥቀጡም ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 60 ሰከንድ ቢቆይ ነው። ጽንሱ የሚጎዳው የእናቲቱ ኦክስጅን ወይም የደም ግፊት ሲወርድ ነው፤ ስለዚህ ዓይን ማረፍ ያለበት ማደንዘዣ ሰጪው ላይ ነው።

ከ20ኛው ሳምንት በኋላ በጀርባ መተኛት አይገባም፤ የከበደው ማሕፀን ደም ወደ ልብ የሚመልሰውን ትልቅ የደም ሥር ይጫናል፣ ግፊቷም ይወርዳል። ከቀኝ ዳሌዋ ሥር ትራስ አስገብቶ ወደ ግራ ማዘንበል ይበቃል። ትራሱ ካልተዘጋጀ ክፍሉ ነፍሰ ጡር አልለመደም ማለት ነው።

ባለሙያዎች በጣም የሚሳሳቱት ኦክስጅን ሲሰጡ ነው። ለሌላ ታካሚ መንቀጥቀጡ እንዲረዝም በጭምብሉ ቶሎ ቶሎ ማስተንፈስ የተለመደ ነው። ለነፍሰ ጡር ግን ይህ ካርቦን ዳይኦክሳይዷን አውርዶ ወደ ማሕፀን የሚሄደውን ደም ይቀንሳል፤ የእናቲቱም ደም ኦክስጅኑን ለጽንሱ በቀላሉ አይለቅም። ኦክስጅኑ በደንብ ይሰጥ፣ ትንፋሹ ግን በልኩ ይሁን።

ጨጓራም ሌላ ሥጋት ነው፤ በእርግዝና ምግብ ወደ ላይ ለመመለስ ይቀለዋል፣ ሳንባ ከገባ ደግሞ ከባድ ነው። ጠጣር ምግብ ሕክምናው ሊጀመር 8 ሰዓት ሲቀረው፣ ንጹሕ ውኃ ደግሞ 2 ሰዓት ሲቀረው ይቆማል፤ የጨጓራ አሲድ የሚያበርድ 30 ሚሊ ሊትር ሶዲየም ሲትሬት ትጠጣለች። እርግዝናው ሲገፋ መተንፈሻ ቱቦ ማስገባትም ይታሰባል። ጾመኛ ከሆነች አስቀድማ ትናገር፤ ፈሳሽ ያነሳት ሴት ማሕፀኗ ቶሎ ይኮማተራል፣ ስለዚህ በደም ሥር ሪንገር የተባለው ፈሳሽ ይሰጣታል።

ጡንቻ የሚያላላው ሱክሲኒልኮሊን በተለመደው መጠን እንግዴ ልጁን የሚያልፈው እጅግ ጥቂት ነው። ምራቅ ለማድረቅ ካስፈለገ ከአትሮፒን ይልቅ ግላይኮፒሮሌት የተባለው መድኃኒት ይመረጣል፤ አትሮፒን ወደ ጽንሱ ያልፋል፣ ልቡንም ያፈጥናል።

የጽንሱ ልብ ምት ከእያንዳንዱ ሕክምና በፊትና በኋላ ይለካል፤ ከ24ኛው ሳምንት ጀምሮ ሲቲጂ (የጽንሱን ልብ ምትና የማሕፀን መኮማተርን የሚመዘግብ ምርመራ) ይነሣል። በብዛት የሚታዩት ችግሮች ለጊዜው የሚቀንስ የጽንስ ልብ ምት፣ የሆድ ሕመምና ያለጊዜው የሚመጣ የማሕፀን መኮማተር ናቸው። ሕክምናው በሳምንት 2 ወይም 3 ጊዜ፣ በጠቅላላው ከ6 እስከ 12 ጊዜ ስለሚሰጥ ክትትሉም በየጊዜው ነው፤ የመጀመሪያው ቀን ደኅና አለፈ ተብሎ አይተውም።

ስለ ደኅንነቱ ጥናቶቹ አይስማሙም። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ግምገማ 339 ጉዳዮችን አይቶ በጽንስ ወይም በጨቅላ ላይ ከሕክምናው ጋር ሳይያያዝ አይቀርም ያለውን ችግር በ11ዱ ብቻ አገኘ፤ ከእነዚህ 2ቱ ሞት ነበሩ። የ2015ቱ ግምገማ ግን በ169 ሴቶች 7.1 በመቶ የልጅ ሞት ቆጥሮ፣ ሕክምናው የመጨረሻ አማራጭ ይሁን አለ። ይህን ቁጥር እንዳለ መውሰድ የሚያሳስት ይመስለናል፦ የተቆጠሩት በጠና የታመሙ ሴቶች ናቸው፣ ለሞቱም ሁሉ ምክንያቱ ሕክምናው አይደለም፤ ደግሞም ጽሑፍ ላይ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ ለየት ያለ ጉዳይ ነው።

ነጥብ የምንቀንሰው በማስታወስ ችሎታ ነው። በሕክምናው ሳምንታት አካባቢ የሆነ ነገር ሊረሳ ይችላል፤ ስለዚህ የእርግዝና ክትትል ቀጠሮና የመድኃኒት ሰዓት በጽሑፍ ይያዝ፣ ከቤተሰብም አንድ ሰው ይወቀው። ቤት ከገባች በኋላ ደም ከታየ፣ ሆዷ እየቆየ ከጠነከረ ወይም የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ፣ ቀጣዩን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ማዋለጃ ክፍል መሄድ ነው።