ለብልት አካባቢ ችፌ የቱን ቅባት ልግዛ?

ብልቱ አካባቢ የሚያሳክከው ወንድ ብዙ ጊዜ ለማንም አይናገርም። ፋርማሲ ገብቶ "ለማሳከክ" ይላል፤ የተሰጠውን ይዞ ይወጣል። ወንድሜ፣ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ግን ከመግዛትህ በፊት አንዴ በደንብ እየው።

ችፌ ነው ወይስ ጭርት? ጭርት ብሽሽት ላይ ይወጣል፤ ጠርዙ ከፍ ብሎ ዙሪያውን እየሰፋ ይሄዳል፤ የቆለጥን ከረጢት ብዙም አይነካም። ችፌ ግን ከረጢቱን ራሱን ይይዛል። ቆዳው ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ሲቆይ ደግሞ ይወፍራል። ለጭርት እንደ ክሎትሪማዞል ያለ የፈንገስ ክሬም ነው የሚሆነው። ጭርት ላይ ስቴሮይድ (የቆዳ መቆጣትንና ማሳከክን የሚያበርድ መድኃኒት) ብቻውን ከቀባህ ማሳከኩ ጋብ ይላል፤ ፈንገሱ ግን ይስፋፋል። ሌሊት ሌሊት የሚብስብህና ትንንሽ እብጠት ያለው ከሆነ እከክም ሊሆን ይችላል፤ እሱ ሌላ መድኃኒት አለው።

ችፌ ከሆነ ዋናው ምርጫ የስቴሮይዱ ጉልበት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። በ1967 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እንዳሳየው የቆለጥ ከረጢት ከክንድ ቆዳ 40 እጥፍ ገደማ ሃይድሮኮርቲዞን የተባለውን ስቴሮይድ ወደ ውስጥ ይመጥጣል። ስለዚህ ደካማ የሚባለው 1% ሃይድሮኮርቲዞን እዚህ ቦታ ደካማ አይደለም። በስሱ፣ ለጥቂት ቀን ይበቃል። ጠንካራ ስቴሮይዶቹ ክሎቤታሶልና ቤታሜታዞን ለወፈረ የእጅ ችፌ ጥሩ ናቸው። እዚህ ግን ቆዳውን ያሳሳሉ፤ ለረጅም ጊዜ ተቀብተው ሲቆሙ ቆዳው ቀልቶ እንደ እሳት ሊያቃጥል ይችላል። ሐኪም ካላዘዘልህ አትንካቸው። "ሁሉን በአንድ" የሚባሉ ድብልቅ ክሬሞችም ብዙዎቹ ውስጥ ጠንካራ ስቴሮይድ አለ፤ ማሸጊያውን አንብብ።

ችፌው እየተመላለሰ ካስቸገረህ ታክሮሊመስ ስለሚባለው ስቴሮይድ ያልሆነ ቅባት ሐኪምህን ጠይቅ። እንደ ስቴሮይድ ቆዳ አያሳሳም። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሊያቃጥልህ ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን እየቀነሰ ይሄዳል።

ለማለስለሻ ሎሽን ወይስ ቫዝሊን? እኔ ቫዝሊን እላለሁ፣ ሽታ የሌለውን። ሎሽን ውኃ ይበዛዋል፣ መከላከያ ኬሚካልና ሽቶም አይጠፋውም፤ የተሰነጠቀ ቆዳ ላይ ይለበልባል። የቫዝሊን ችግሩ የውስጥ ሱሪ ማቅባቱ ነው። የላቴክስ ኮንዶምንም ያዳክማል፣ ይህን እንዳትረሳ።

ሽቶ ያለው ሳሙናና እርጥብ ሶፍት (ዋይፕስ) ይቅርብህ። ለብ ያለ ውኃና ሰፋ ያለ የጥጥ የውስጥ ሱሪ ይሻላሉ።

በሳምንት ውስጥ ካልተሻለህ፣ ወይም ቁስል፣ ፈሳሽ ወይም ነጭ ምልክት ካየህ ሌላ ቅባት አትግዛ። የቆዳ ሐኪም ይየው።