ኢኖሲን ፕራኖቤክስ፦ ለምች ሞክሬዋለሁ፣ ሪህ ያለባችሁ ግን ባትነኩት ነው የሚሻለው

ኢሚውኒቲ ከፍ ያደርጋል ቫይረስም ያጠፋል እየተባለ ከውጭ በሻንጣ የሚመጣ ኪኒን አለ አይደል፣ ዋናው ስሙ ኢኖሲን ፕራኖቤክስ ነው፣ ፓኬቱ ላይ ግን እንደየአገሩ አይሶፕሪኖሲን ወይ ግሮፕሪኖሲን ምናምን ተብሎ ነው የሚጻፈው። የኔውን የአክስቴ ልጅ ከፖላንድ ስትመጣ ነው ይዛልኝ የመጣችው፣ እዛ ያለ ማዘዣ ይሸጣል። እኔ ደግሞ ከንፈሬን ምች ቶሎ ቶሎ ነው የሚመታኝ፣ ዳማከሴውም ቅባቱም ሰልችቶኝ ነበርና ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ።

ውስጡ ያለው ወረቀት በፖላንድኛ ስለሆነ ሳልውጠው ቸርችል ጎዳና ላይ ወዳለች አንዲት ትንሽ ፋርማሲ ይዤው ሄድኩ። እውነቴን ነው ይሄ ሪቪው ግማሹ ለፋርማሲስቷ ነው፣ ከሷ ያልገዛሁትን መድኃኒት ይዤባት ሄጄ ፊቷን እንኳን አልቀየረችም። «ወንድሜ ሪህ አለብህ? የኩላሊት ጠጠር ኖሮህ ያውቃል? የግፊት ኪኒን ትወስዳለህ?» ብላ ጀመረች። እኔ ስለ ምች ነው የመጣሁት ሪህ ምን አገናኘው ስላት በደንብ አስረዳችኝ፣ ኢኖሲን ሰውነት ውስጥ ሲፈጭ የሚሆነው ዩሪክ አሲድ ነው፣ ሪህን የሚቀሰቅሰውም እሱው ነው። ስለዚህ ሪህ ያለበት ወይም ዩሪክ አሲዱ ከፍ ያለ ሰው አይወስደውም፣ ጠጠር ወይ የኩላሊት ችግር ያለበት ደግሞ ሐኪም ሳያይ መጀመር የለበትም። ሽንት የሚያሸና የግፊት ኪኒን ማለትም ፉሮሴማይድ ወይ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የምትወስዱም ተጠንቀቁ፣ እነሱም በራሳቸው ዩሪክ አሲድ ይጨምራሉ። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ባይወስዱ ይመረጣል። ዚዶቩዲን የሚባለውን የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ወይም ኩላሊት ተቀይሮለት ኢሚውኒቲ የሚቀንስ መድኃኒት ላይ ያለ ሰው ደግሞ መጀመሪያ ለሐኪሙ ይንገር።

አወሳሰዱን በተመለከተ ፍሬው 500 ሚሊግራም ነው፣ ለአዋቂ በቀን በኪሎ 50 ሚሊግራም ይታሰባል፣ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 6 ፍሬ ማለት ነው፣ እሱም 3 ወይ 4 ቦታ ተከፋፍሎ ነው፣ ከ8 ፍሬ ማለፍ የለም። ትልቅ ኪኒን ነው፣ መራራም ነው፣ መዋጥ ያቃተው ፈጭቶ በውሃ መጠጣት ይችላል። ውሃ በደንብ ጠጡ፣ እሷ ሳቅ ብላ «እስክትጨርስ ክትፎና ቢራውንም ቀነስ አድርግ» አለችኝ፣ እነሱም ዩሪክ አሲድ ከፍ ያደርጋሉ።

ሠራ ወይ ላላችሁ፣ ቁስሉ ደርቋል፣ ግን ምች ምንም ባታደርጉለትም በሳምንት በአስር ቀን ራሱ ስለሚደርቅ ኪኒኑ ነው ብዬ አልምልም። እዚሁ በየፋርማሲው የሚገኘው አሲክሎቪር ከንፈር መለብለብ ሲጀምር ቶሎ ከተያዘ ጥሩ ይሠራል፣ ዩሪክ አሲድም ውስጥ አይከታችሁም፣ በሚቀጥለው በሱ ነው የምጀምረው። የሚያናድደኝ ይሄን እንደ ቫይታሚን ለወራት የሚውጡት ሰዎች ናቸው። ለረጅም ጊዜ የሚወሰድ ከሆነ እኮ ዩሪክ አሲድ፣ ጉበት፣ ኩላሊትና ደም በየጊዜው እየተመረመረ ነው። አጎቴ ራሱ ጉንፋን ይዟቸው «እስቲ ከዛች ኢሚውኒቲ ስጠኝ» ሲሉኝ ጋሼ እርስዎ ሪህ አለብዎት እኮ ብዬ ከለከልኳቸው፣ አኩርፈውኛል፣ ይሁን።

ለኪኒኑ ከ5 ኮከብ 3፣ ለፋርማሲስቷ ሙሉ 5። ምሳ ሰዓት ላይ ግን እንዳትሄዱ፣ ከየቢሮው የሚወጣው ሰው ሁሉ እዛች ጠባብ በር ላይ ነው የሚሰለፈው፣ እንዲህ ተረጋግታ ልታወራችሁ የምትችለው ጠዋት ነው።