የፖከር ቺፕ፦ የካዚኖ ቅጂ ወይስ በትእዛዝ የታተመ? ከ11 ወር ጨዋታ በኋላ

የምንገመግመው ሁለት የፖከር ቺፕ ስብስብ ነው፤ ቺፕ በካርታ ጨዋታው በገንዘብ ፈንታ የሚቆጠረው ክብ ነገር ነው። አንደኛው ከተዘጉት የላስ ቬጋስ ካዚኖዎች የአንዱን ቺፕ መልክ የያዘ፣ በአሉሚኒየም ሻንጣ የሚሸጥ ባለ 500 ቅጂ ነው፦ እያንዳንዱ 13.5 ግራም፣ ውስጡ ብረት፣ ዙሪያው ፕላስቲክ፣ መሐሉ ላይ ስቲከር። ሁለተኛው በራሳችን ንድፍ ያሳተምነው ባለ 400 ሴራሚክ ነው፦ 10 ግራም፣ 39 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 3.3 ሚሊ ሜትር ውፍረት። ሁለቱም ለ11 ወር በየሁለት ሳምንቱ፣ ከ8 እስከ 10 ሰው በሚቀመጥበት የቤት ጠረጴዛ ላይ እየተፈራረቁ አገልግለዋል። ቅጂው በብዛት ለካሽ ጌም (ቺፑ በቀጥታ ገንዘብ የሚቆጠርበት)፣ ሴራሚኩ ለቶርናመንት (ሁሉም እኩል ቺፕ ይዞ ጀምሮ ያለቀበት የሚወጣበት)። ቺፕስ ሲባል የድንቹ ትዝ የሚለው ሰው ቢኖርም አይከፋ፤ የድንቹም ዘይት ወደ ታች ይመጣል።

ሻጮች ሁሉ ቀድመው የሚጽፉት ግራሙን ነው፤ ገዢም መጀመሪያ የሚታለለው በእሱ ነው። ካዚኖ ውስጥ የሚሠራበት የተጨመቀ ክሌይ (ሸክላ መሰል ውህድ) ቺፕ ከ8.5 እስከ 10 ግራም ገደማ ይመዝናል። 13.5 ግራሙ እጅ ላይ ከበድ ስለሚል የካዚኖ ይመስላል እንጂ ክብደቱ የመጣው መሐሉ ላይ ከተቀበረው ክብ ብረት ነው። ማሸጊያው «ክሌይ ኮምፖዚት» ቢልም ላዩ ኤቢኤስ ፕላስቲክ ነው። ልዩነቱ በጆሮ ይለያል፦ ብረት ያለበት ሲጋጭ ይቃጭላል፣ ሴራሚኩ ደረቅ ድምፅ አለው፣ ክሌዩ ደግሞ የታፈነ። ለብዙ የአሜሪካ ካዚኖዎች ቺፕ የሚሠራው ፖልሰን፣ ባርኔጣና ከዘራ የታተመበትን ቺፑን ለካዚኖ እንጂ ለግለሰብ ስለማይሸጥ፣ ቅጂ የተባለው ሁሉ በስቲከሩ ቢመስልም በእጅ ሲነካ አይመስልም።

ዋናው ጉዳይ ግን ይህ አይደለም። ዋናው ድልድሉ ነው፤ ከየዋጋው ስንት ስንት ቺፕ አለ?

የኛ ቅጂ የመጣው 150 ባለ 1፣ 150 ባለ 5፣ 100 ባለ 25፣ 50 ባለ 100 እና 50 ባለ 500 ሆኖ ነው። 500 ቺፕ ሲባል ብዙ ይመስላል። በ25 እና 50 ብላይንድ (ሁለት ተጫዋቾች ካርታ ሳያዩ በግድ የሚያስቀምጡት መደብ፤ ትልቁ ቢግ ብላይንድ ይባላል) ለ10 ሰው ቶርናመንት ሲዘረጋ ግን ባለ 1 እና ባለ 5 ሥራ የላቸውም፤ 300 ቺፕ ከሻንጣው ሳይወጣ ያድራል። የቀረው 200 ሲከፋፈል ለአንድ ሰው 10 ባለ 25፣ 5 ባለ 100 እና 5 ባለ 500 ይደርሰዋል፤ ድምሩ 3,250 ነው። ይህ 65 ቢግ ብላይንድ ብቻ ነው፤ ያውም አንድ ሰው ወድቆ ሪባይ (ከፍሎ እንደገና መግባት) ቢጠይቅ የሚሰጠው ቺፕ የለም።

የ25 እና የ50 ሳንቲም ካሽ ጌም ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። የ25 ሳንቲም ቺፕ ስለሌለ ባለ 25ቱን እንደ 25 ሳንቲም፣ ባለ 100ውን እንደ 1 ዶላር መቁጠር ይቻላል። ባለ 100ው 50 ብቻ ስለሆነ ግን ያልቃል፤ ያኔ ባለ 1ን እንደ 1 ዶላር ማውጣት ግድ ይሆናል። ጠረጴዛው ላይ «100» እና «1» የተጻፈባቸው ቺፖች እኩል ሆኑ ማለት ነው፤ «5» የተጻፈበት ደግሞ ከ«100» በለጠ። ሁለተኛው ቢራ ላይ ክርክሩ ይነሳል፤ የሚነሳውም ፖቱ (መሐል የተሰበሰበው መደብ) ትልቅ ሲሆን ነው። ቅጂ ለመግዛት የቆረጠ ሰው ስለዚህ ዋጋ ያልተጻፈበትን ይፈልግ። ቀለሙን ብቻ አይቶ ዛሬ ቀዩ 5 ዶላር፣ በሚቀጥለው ደግሞ 500 ነው ብሎ መስማማት፣ ስምምነቱንም በአንዲት ካርድ ጽፎ ከካርታ አዳዩ አጠገብ ማስቀመጥ በቂ ነው።

በትእዛዝ ማሠራት ገንዘቡን የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው። ለ10 ሰው፣ በነፍስ ወከፍ 10,000 መነሻ ያለው ቶርናመንት የሚፈልገው ይህ ነው፦ 12 ባለ 25፣ 12 ባለ 100፣ 5 ባለ 500፣ 6 ባለ 1,000። ሲደመር 300፣ 1,200፣ 2,500 እና 6,000፤ ልክ 10,000 ይመጣል። በ35 ቺፕ ሰው ፊት የሚያምር ቁልል ይቆማል፤ መነሻውም 200 ቢግ ብላይንድ ይሆናል። ያዘዝነውም 120 ባለ 25፣ 120 ባለ 100፣ 60 ባለ 500፣ 60 ባለ 1,000 እና 40 ባለ 5,000 ነው። ድምሩ 400። ሁሉም በ20 የሚካፈለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ራኩ (የቺፕ መደርደሪያው) 100 የሚይዘው በአምስት መስመር ሃያ ሃያ ሆኖ ነው፤ ሲጠናቀቅ የጎደለ መስመር በዓይን ይታያል፣ መቁጠርም አያስፈልግም።

ስሌቱ ግን አንድ ቀዳዳ ነበረው። 60ው ባለ 1,000 በመነሻው ሙሉ በሙሉ ያልቃል። ብላይንዱ እያደገ 100 እና 200 ሲደርስ ባለ 25ቱ ሥራ ስለሌለው ይሰበሰባል። 120ውም ቢሰበሰብ 3,000 ስለሆነ በትርፍነት ከቀሩት 10 ባለ 500 በ6ቱ ይመነዘራል፤ እስከዚህ ሰላም ነው። ባለ 100ው የሚነሳበት ሰዓት ላይ ግን ባንኩ (ለተጫዋች ያልተሰጠው የቺፕ ክምችት) ውስጥ ባለ 1,000 የለም። መፍትሔው ትልቅ ቁልል ካለው ተጫዋች 5 ባለ 1,000 ወስዶ አንድ ባለ 5,000 መስጠትና በወሰዱት መመንዘር ነው። ይሠራል፤ ግን በየጊዜው ጨዋታውን ለአምስት ደቂቃ ያቆማል። ባለ 1,000ው 80 መሆን ነበረበት። ይህ የ20 ቺፕ ስህተት ኋላ ሌላ ነገር አምጥቷል።

ስለ ንድፍ፦ ሰው ሁሉ የሚጨነቀው ስለ መሐሉ ሥዕል ነው። ሲጫወቱ ግን ሥዕሉን የሚያይ የለም፤ ቺፕ ተቆልሎ ነው የሚውለው፣ የሚታየው ጠርዙ ነው። የጠርዙ ምልክት ከዋጋ ዋጋ ካልተለየ በቀይ ቁልል መሐል የገባ ሌላ ቺፕ አይታወቅም። ቅጂው በዚህ በኩል ደካማ ነው፤ አምስቱም ቀለም አንድ ዓይነት ነጭ ሰረዝ ነው ያላቸው፣ ሳሎን መብራት ውስጥ አረንጓዴውና ጥቁሩ ከሁለት ሜትር ላይ ይምታታሉ። በሴራሚኩ ላይ ባለ 25ቱ ሦስት ወፍራም ሰረዝ፣ ባለ 100ው ስድስት ቀጭን፣ ባለ 500ው አራት ጥንድ አደረግን፤ ቀለሙንም በአሜሪካ ካዚኖዎች ልማድ 25 አረንጓዴ፣ 100 ጥቁር፣ 500 ወይን ጠጅ፣ 1,000 ቢጫ። ካዚኖ የለመደ እንግዳ ሲመጣ ማስረዳት አያስፈልግም። ጥቁሩ ግን ጥቁር ሆኖ አልመጣም። ሴራሚክ የሚባለው ቺፕ በእርግጥ ሸክላ ሳይሆን ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፤ ቀለሙ በሙቀት ወደ ውስጡ ይሰርጻል፣ ጥቁሩ በዚህ መንገድ ሲታተም ወደ ቡናማ ያዘነብላል። በስክሪን የሚታየው ቀለምና የሚታተመው አይገናኙምና ሙሉ ትእዛዝ ከመስጠት በፊት ከየቀለሙ አንድ ናሙና ማስላክ የግድ ነው።

ፊደል ለመጠቀም ያሰበ አበሻ ሁለት ነገር ልብ ይበል። የመጀመሪያው፣ ፋይሉ ከመላኩ በፊት ጽሑፉ ሁሉ ወደ ቅርጽ ይቀየር። አታሚው ኮምፒውተር ላይ የግእዝ ፎንት ከሌለ የሚታተመው ባዶ አራት ማዕዘን ነው፤ አታሚውም ማንበብ ስለማይችል ስህተት መሆኑን አያውቅም። ሁለተኛው የግእዝ ቁጥር ነው። በወረቀት ላይ ያምራል። ነገር ግን 500 ሲጻፍ ፭፻፣ 5,000 ሲጻፍ ደግሞ ፶፻ ነው፤ ፭ን ከ፶ በቅጽበት የሚለይ ተጫዋች ስንት አለ? አብዛኛው ሰው የሚያውቀው የቀን መቁጠሪያው ላይ ያለውን፣ እስከ ፴ ነው። ስለዚህ መሐሉ ላይ 500 ተብሎ በትልቁ ይጻፍ፤ ፭፻ው በዙሪያው በትንሹ እንደ ጌጥ ይግባ።

ለፋይሉ በኢንች 300 ነጥብ ጥራት ይበቃል፤ የጀርባው ቀለም ከ39 ሚሊ ሜትሩ አልፎ በየጎኑ እስከ 2 ሚሊ ሜትር ይትረፍ፤ አለዚያ ህትመቱ ትንሽ ሲንሸራተት ነጭ ጨረቃ ጠርዙ ላይ ይቀራል። ጽሑፍ ደግሞ ከጠርዙ ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ይራቅ። በዚህ ሁሉ ጥንቃቄ ከ400ው 7ቱ የፊቱ ሰረዝና የጠርዙ ሰረዝ ሳይገጥም መጥቷል። ሌላ 4 ደግሞ የሚሾሩ ናቸው፤ ፊታቸው በስሱ ስለጎበጠ ጠረጴዛ ላይ ሲነኩ እንደ እንዝርት ይሽከረከራሉ፣ ቁልሉንም ያንሸራትታሉ። ዕቃው እንደደረሰ እያንዳንዱን በመስታወት ላይ አስቀምጦ በጣት ነካ ማድረግ ነው፤ 400 ቺፕ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ቅሬታ የሚሰማው በመጀመሪያው ሳምንት ነውና።

ከ11 ወር በኋላ ያሉበት ሁኔታ እንዲህ ነው። ቅጂው ላይ ስቲከራቸው ከዳር የተነሳ 31 ቺፕ ቆጥረናል፤ ከሁሉም የሚበዛው ባለ 5 ነው፣ ከእጅ የማይወርደው እሱ ስለሆነ። ፕላስቲኩ ራሱ ምንም አልሆነም፤ ሰድር ላይ ወድቆም አልተሸረፈም። ሴራሚኩ ህትመቱ አልለቀቀም፤ ሹል የነበረው ጠርዙ ግን ለስለስ ብሏል፣ ነጩም ቦታ ላይ ግራጫ እድፍ ይዟል። አዲስ ሳለ ያንሸራትት ነበር፤ ከ20 በላይ ሲቆለል ይናድ ነበር። ከሦስት ወር መነካካት በኋላ ተስተካክሏል። የድንቹ ቺፕስ የሚመጣው እዚህ ነው፦ ዘይት የነካው ሴራሚክ እንደገና እንደ አዲስ ይንሸራተታል።

ሲታጠብ ለብ ያለ ውሃ፣ አንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና፣ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ፤ ከዚያ ፎጣ ላይ ዘርግቶ ማድረቅ። ቅጂውን ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ አይገባም፤ ውሃው በስቲከሩ ስር ይገባል፣ ስቲከሩ የሚነሳው በዚያ ነው። በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ይበቃዋል። አሴቶን ለሁለቱም አይሆንም፤ ኤቢኤስን ያሟሟል።

ሻንጣው ከሁሉ በፊት የሚሞተው ነው። 500 ቺፕ በ13.5 ግራም 6.75 ኪሎ ነው፤ ካርታና ሻንጣው ሲጨመር ከ8 ኪሎ ያልፋል፤ እጀታው የተያዘው ደግሞ በሁለት ትንንሽ ሪቬት ነው። በስድስተኛው ወር አንዱ ተነቅሏል። ስጦታ ብሎ ወደ አዲስ አበባ የሚወስድ ሰውም ከአውሮፕላን ሻንጣው 23 ኪሎ ሲሶውን ለቺፕ እንደሚሰጥ ይወቅ። ሴራሚኩ 4 ኪሎ ነው፤ በአራት ግልጽ የአክሪሊክ ራክ ተቀምጦ አንድም ነገር አልሆነም።

የደህንነት ነገርም አለ። ቅጂውን ማንም መግዛት ይችላል፤ እንግዳ የሚበዛበት ጠረጴዛ ላይ ሃያ ቺፕ በኪስ ይዞ መምጣት የማይቻል አይደለም። ባንክ የሚይዘው ሰው ያወጣውን ቺፕ በቁጥር ጽፎ መጨረሻ ላይ ቢያመሳክር ይያዛል፤ በራስ ንድፍ የተሠራው ግን ከመጀመሪያው ይህን ይዘጋል። ንድፍ ሲመረጥ ግን እየሠራ ያለ ካዚኖ ስምና ዓርማ አይነካም፤ የንግድ ምልክት ጥያቄ አለው፣ ኔቫዳ ውስጥ ደግሞ በሐሰተኛ ቺፕ መጫወት ወንጀል ነው።

ዋጋው ለቅጂው በቺፕ 25 ሳንቲም ገደማ፣ ለሴራሚኩ ከነማጓጓዣው ወደ 1 ዶላር ወጥቷል፤ 125 እና 400 ዶላር መሆኑ ነው። ከቻይና የሚያዝ አሜሪካ ነዋሪ ቀረጡን ይደምር፤ ከ800 ዶላር በታች ያለ ዕቃ ያለ ቀረጥ የሚገባበት ፈቃድ ለቻይና ዕቃ ከሜይ 2025 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ጀምሮ ቀርቷል። በትእዛዝ የሚሠራ ክሌይም አለ፤ የጠርዙ ቀለም የታተመ ሳይሆን ከሌላ ቀለም ክሌይ ተቆርጦ የተጨመቀ ነው፤ ሲዳስሱት ከሁሉም ይበልጣል፣ ዋጋውም ከሴራሚኩ እጥፍ ያልፋል፣ ሰድር ላይ ሲወድቅ ግን ጠርዙ ይሸረፋል።

ቅጂ ላለው ሰው መካከለኛ መንገድ አለ፤ ስቲከሩን መቀየር። ስቲከሩን በጸጉር ማድረቂያ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ማሞቅ፣ በምላጭ ጫፍ ከዳር ማንሳት፣ የቀረውን ሙጫ በአይሶፕሮፒል አልኮል ማጥራት፣ ሲደርቅ አዲሱን መለጠፍ። የሚለጠፍበትን ጎድጓዳ ቦታ በካሊፐር (የስፋት መለኪያ) ለክቶ ስቲከሩን በግማሽ ሚሊ ሜትር አሳንሶ ማዘዝ ይሻላል፤ ልኩን የያዘ ስቲከር ትንሽ ጠመም ካለ ጠርዙ ላይ ይወጣና በሳምንቱ ይነሳል። ቺፕ ሁለት ፊት እንዳለው አይረሳ፤ ለ150 ባለ 1 የሚያስፈልገው 300 ስቲከር ነው። እኛ እነዚያን ሥራ ፈት 150 ባለ 1 ወደ 25 ሳንቲም ቀይረናቸዋል፤ የካሽ ጌሙ ክርክር በዚያው ቀረ።

ሴራሚኩ ላይ የጎደለውን 20 ባለ 1,000 ከአምስት ወር በኋላ ከዚያው አታሚ፣ በዚያው ፋይል አዘዝን። የመጀመሪያው ቢጫ የሎሚ ነበር፤ አዲሱ የእርድ ሆኖ መጣ። አንድ ቁልል ውስጥ ሲገባ ሌላ ዋጋ ስለሚመስል፣ ሃያዎቹ ለብቻቸው ተቀምጠው ባለ 100ው በሚነሳበት ሰዓት ብቻ ይወጣሉ።