የግፊት ኪኒን፦ አምሎዲፒን፣ ኤናላፕሪል ወይስ ውዱ ካርቶን?

የደም ግፊት ተገኘብህ የተባለ ወዳጅ ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው፤ «የትኛው ይሻላል?» የሚያዘው ሐኪም ነው። ምርጫው የኔ ቢሆን ግን አምሎዲፒን እላለሁ፤ ያውም ርካሹን።

ብዙ ሰው የኪኒኑን ዋጋ ብቻ ያያል። ኤናላፕሪልም እኮ ርካሽ ነው። ግን ሲጀመርና መጠኑ ሲጨመር ኩላሊትና ፖታሲየም በደም ምርመራ መታየት አለባቸው። ሎሳርታን የሚባለው ሌላው የግፊት ኪኒንም እንደዚያው። የሚያሸናው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ደግሞ ሶዲየምና ፖታሲየም ስለሚያወርድ ከላቦራቶሪ አያስቀርም። አምሎዲፒን ራሱ ይህ ጣጣ የለበትም። ስለዚህ ሂሳቡን ስትሠሩ ላቦራቶሪውንም ደምሩ።

ሳሉም አለ። ኤናላፕሪል አንዳንዱን ሰው ደረቅ ሳል ያስይዘዋል። ጉንፋን መስሎት ሽሮፕ በሽሮፕ ላይ ሲገዛ ይከርማል። ገንዘቡ በከንቱ ነው፤ ሳሉ የሚለቀው ኪኒኑ ሲቀየር ነው። ሎሳርታን ላይ ይህ ሳል እምብዛም አይታይም።

አምሎዲፒን እንከን የለውም አልልም። ቁርጭምጭሚት ያሳብጣል። ማታ ካልሲ ሲወልቅ የላስቲኩ ምልክት ሰርጉዶ ይታያል። 10 ሚሊግራም ላይ ይብሳል፣ 5 ላይ ይቀላል። የሚያሸና ኪኒን መደረብ ለዚህ እብጠት ብዙም አይፈይድም፤ መጠኑን ስለማስቀነስ ሐኪሙን ጠይቁ።

ኪኒን መዋጥ ለሚረሳ ሰው ደግሞ እንደ አምሎዲፒን የለም። ግማሹ ከደም እስኪወጣ ከ30 እስከ 50 ሰዓት ስለሚፈጅበት ቶሎ አያልቅም። ካፕቶፕሪል ግን በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ ካልተዋጠ አይሆንም። ማን ያስታውሳል?

አሁን ወደ ውዱ ካርቶን። ኖርቫስክ ማለት በንግድ ስም የሚሸጥ አምሎዲፒን ነው፤ የአሜሪካ ፓተንቱ (ሌላ ፋብሪካ እንዳያመርተው የሚከለክለው መብት) እ.ኤ.አ. በ2007 አብቅቷል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ፋብሪካ ያመርተዋል። ቁጥጥር ካለበት ፋብሪካ እስከወጣ ድረስ ትርፉ ብር የሚከፈለው ለስሙ ነው።

ርካሽ ስል ግን ከማሸጊያው ወጥቶ በላስቲክ የተቋጠረውን አይደለም። የምርት ቁጥሩም፣ የሚያበቃበት ቀንም የለው፤ ምንነቱን በምን ታውቃላችሁ? አምሎዲፒን ደግሞ ብርሃን አይወድም። ካርቶኑና ማሸጊያው ላይ ያለው የምርት ቁጥር ካልተመሳሰለ መልሱት፤ ቅናሹ ይቅርባችሁ።

ስኳር ያለበትና ሽንቱ ላይ ፕሮቲን የታየበት ሰው ላይ ምርጫዬ አይሠራም። እሱን ኤናላፕሪል ወይም ሎሳርታን ይሻለዋል፤ ኩላሊቱን ይጠብቁለታል። ነፍሰ ጡር ግን ሁለቱንም አትነካም፣ ፅንሱን ይጎዳሉ።

የያዛችሁት ሌላ ኪኒን ሆኖ ግፊታችሁ ከተስተካከለ እኔን ብላችሁ አትቀይሩ። አቴኖሎል ላይ ያለ ሰውማ በድንገት ቢያቆም ልቡን ሊጎዳው ይችላል፤ የሚቋረጠው በሐኪም ትእዛዝ፣ ቀስ በቀስ ነው።