የእንግሊዝኛ ቃል መፈለጊያ አፕ ያወረዳችሁ፣ ስልካችሁን ዛሬውኑ ፈትሹ

ወገኖች፣ እናንተ ወይም ልጆቻችሁ ስክራብል (የፊደል ጠጠር እየደረደሩ የእንግሊዝኛ ቃል በመሥራት ነጥብ የሚያዝበት ጨዋታ) ወይም ዎርድል (የተደበቀ ባለ አምስት ፊደል ቃል የሚገመትበት) የምትጫወቱ ከሆነ ይህን አንብቡልኝ። እኔ 87 ዶላር ከ89 ሳንቲም ከፍዬ ነው የተማርኩት፤ እናንተ በነፃ ውሰዱት።

የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። የ12 ዓመቷ ልጄ ዘንድሮ የትምህርት ቤቷን የስክራብል ክለብ ገባች፤ ማታ ማታ ከእራት በኋላ ከኔ ጋር ትለማመዳለች። የኔ እንግሊዝኛ ደግሞ የሥራ ቦታ እንግሊዝኛ ነው። ኪው ወይም ዜድ እጄ ከገባ ጨዋታው ለኔ አለቀ ማለት ነው። አንድ ምሽት ኪው ይዤ በእንግሊዝኛ አብራው የምትሄደውን ዩ አጥቼ ጠጠሮቹ ላይ ሳፈጥ፣ "አባቢ፣ አፕ አለ እኮ፤ ያሉህን ፊደሎች ስትጽፍለት ቃሉን ያወጣልሃል" አለችኝ። ስልኬን ሰጠኋት።

አፑ ገና ሲከፈት ገጹን የሞላ ማስታወቂያ መጣ። "የ3 ቀን ነፃ ሙከራ" የሚለው እንደ ሱቅ ታፔላ ጎልቶ ተጽፏል። ከሥሩ "ከዚያ በኋላ በሳምንት 7.99 ዶላር" ይላል፤ ግን በፈዘዘ ግራጫ፣ መነጽር አድርጌም በጭንቅ በማነበው ፊደል። መዝጊያዋ የኤክስ ምልክት ወዲያው አትታይም፤ ጥቂት ሰከንድ ቆይታ ጥግ ላይ ብቅ ትላለች። እስከዚያ ማን ይጠብቃል? ልጅቷ "ቀጥል" የሚለውን ነካች፣ ስልኩን ወደኔ አዞረችው፣ ስልኩ ፊቴን አይቶ ክፍያውን አጸደቀ፣ ሆነ።

በሳምንት መሆኑን ልብ በሉ። ዓይናችን የወር ክፍያ ስለለመደ 7.99 ሲያይ የወር ይመስለዋል። በዓመት ብታሰሉት 415 ዶላር ከ48 ሳንቲም ነው፤ ለፊደል መፈለጊያ!

በማግስቱ አፑን ከስልኬ አጠፋሁትና ተገላገልኩ ብዬ ተኛሁ። ሁለተኛው ስህተቴ ይህ ነው። አፕ ስታጠፉ ክፍያው አይቋረጥም። ሰብስክሪፕሽኑ (በየጊዜው የሚታደሰው ክፍያ) የተያዘው አፑን ባወረዳችሁበት የአፕ መደብር አካውንታችሁ ላይ ስለሆነ አፑ ስልካችሁ ላይ ኖረ አልኖረ መቁረጡን ይቀጥላል። የካርዴ ስቴትመንት ላይ ደግሞ የሚወጣው የመደብሩ ስም ብቻ ስለነበር ለፎቶ ማስቀመጫ ከምከፍለው ጋር ተቀላቅሎ ሳላስተውለው 11 ሳምንት አለፈ። ያወቅሁትም ባለቤቴ "ይቺ በየሳምንቱ የምትመጣው ምንድን ናት?" ብላ ስትጠይቀኝ ነው። ሪፈንድ ስጠይቅ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንታት መለሱልኝ፤ የቀረውን ጊዜው አልፏል አሉኝ።

ገንዘቡ ይቅር። ዕቃው ራሱ የተበላሸ ነው። ልጄ ካወጣላት ዝርዝር "ዞ" የምትል ባለ ሁለት ፊደል ቃል፣ በዜድና በኦ የምትጻፈውን፣ በቃሏ ያዘች። ክለቡ ውስጥ በኩራት ስትደረድራት ተጋጣሚዋ ተቃወመች፤ ቃሏ ተነሳች፣ ነጥቧ ዜሮ ሆነ፣ ተራዋም ተበላ። ለካ የስክራብል መዝገበ ቃላት አንድ አይደለም። አሜሪካና ካናዳ የሚጫወቱበት ዝርዝር ሌላ፣ እንግሊዝና ሌሎች ብዙ አገሮች የሚጠቀሙበት የኮሊንስ ዝርዝር ሌላ ነው። "ዞ" በኮሊንስ አለች፣ እዚህ የለችም። አፑ ግን የትኛውን እንደሚጠቀም የሚናገርበት ቦታ የለውም፤ ሁሉንም ደባልቆ ይዘረግፋል። ለልጅ ደግሞ ይህ ከመክሰር ይብሳል፤ ስትመጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

የሸጡልኝ ነገር ምን እንደሆነ ቆይቶ ነው የገባኝ፤ የቃላት ዝርዝርና ማጣሪያ ነው። ሁለቱም በነፃ አለ። የሜሪያም ዌብስተር መዝገበ ቃላት የራሱ የስክራብል ቃል መፈለጊያ ገጽ አለው፤ አሜሪካ ላላችሁ የሚሆነው እሱ ነው። ኮሊንስም የራሱ ማረጋገጫ አለው። ዋንሉክ የሚባለው ድረ ገጽ ደግሞ በጥያቄ ምልክት ቃል ለመፈለግ ያስችላል። አንድ ጥያቄ ምልክት አንድ የማይታወቅ ፊደል ማለት ነው። ኪው፣ ከዚያ ሦስት ጥያቄ ምልክት፣ ከዚያ ቲ ብላችሁ ስትጽፉ ክዋየት፣ ክዊልት፣ ክዌስት እያለ ይደረድርላችኋል። የፊደሉ ብዛት ካልታወቀ ኮከብ ምልክት አስገቡ። ለዎርድል ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል? (በነገራችን ላይ በስድስት ሙከራ አምስት ፊደል ለማግኘት የሚከፍል ሰው ለምን እንደሚጫወት አይገባኝም።) ነፃ ገጾችን ስትጠቀሙ ግን "ዳውንሎድ" የሚል ትልቅ አረንጓዴ ቁልፍ ካያችሁ ማስታወቂያ ነውና አትንኩት። የምትጎበኙትን ገጽ ሁሉ ላንብብ ብሎ ፈቃድ የሚጠይቅ የብራውዘር ተጨማሪም አትጫኑ።

ደግሞ እውነቱን ለመናገር የሚጠቅሙት ጥቂት ቃላት በወረቀት ይያዛሉ። ያለ ዩ ኪውን ለማውጣት "ቺ" ትበቃለች፤ በኪውና በአይ ትጻፋለች፣ እዚህ አገር ከ2006 ጀምሮ ትፈቀዳለች፣ ብቻዋን 11 ነጥብ ናት። "ቃት" ደግሞ 12 ናት፤ በኪው፣ በኤና በቲ የምትጻፍ የኛው ጫት! ያን ምሽት ያፈጠጥኩበት ኪው መልሱ አወዳይ ገበያ ላይ ነበር። ብርም በሁለት አር ትቆጠራለች፤ ጤፍም በሁለት ኤፍ 10 ነጥብ ታመጣለች፤ ከ100ው ጠጠር ኤፍ ያለበት ሁለት ብቻ ስለሆነ ግን ሁለቱም እጃችሁ ከገቡ ዕድለኞች ናችሁ። ለሐበሻ ልጅ ይህን ለማስያዝ በሳምንት 7.99 አያስፈልግም።

አሁን ስልካችሁን አውጡ። አይፎን ከሆነ ሴቲንግስ ውስጥ ገብታችሁ ከላይ ስማችሁን ንኩ፣ ከዚያ ሰብስክሪፕሽንስ። አንድሮይድ ከሆነ ፕሌይ ስቶር ከፍታችሁ ጥግ ላይ ያለውን ፎቷችሁን ንኩ፣ ከዚያ ክፍያና ሰብስክሪፕሽን የሚለውን። የማታውቁት ነገር ካለ እዚያው ሰርዙት፤ ከዚያ በኋላ ነው አፑን የምታጠፉት። ነፃ ሙከራ የጀመራችሁ ደግሞ የመጨረሻዋን ቀን አትጠብቁ፤ አይፎን ላይ ጊዜው ሊያልቅ ቢያንስ 24 ሰዓት ሲቀረው መሰረዝ አለበት። ልጆች አይፎን ካላቸው በቤተሰብ አካውንት ውስጥ "አስክ ቱ ባይ" የሚለውን አብሩት፤ ሊገዙ ሲሉ ጥያቄው ወደናንተ ስልክ ይመጣል። ገንዘብ ተቆርጦባችሁ ከሆነ ሪፈንዱን ዛሬውኑ ጠይቁ፤ የኔን ያበላሸው መዘግየቴ ነው።

የአፑን ስም ለምን አልጻፍክም ለምትሉኝ፦ ስሙን ሰጥቻችሁ እሱን ብቻ ብትሸሹ ጎረቤቱ ያገኛችኋል። መደብሩ ውስጥ ስፈልግ ቀለማቸው የተለያየ፣ የክፍያ ገጻቸው ግን ቁርጥ የኔው የሆነ ሌሎች አራት አይቻለሁ።