የሌንስ ማሞቂያ ቀበቶ ከስምንት ወር በኋላ፦ ለጉም ንጋት ይረባል?

ጉም ባለበት ንጋት ብዙ ፎቶ የሚያበላሸው ሌንሱ ላይ የሚያርፈው ጤዛ ነው። በካሜራዋ ትንሽ ስክሪን ጤዛውም ጉም ይመስላል። 200 ፍሬም ይነሳና ቤት ገብቶ ሲከፈት የምስሉ መሃል ወተት የፈሰሰበት ይሆናል። ሌንሱ ላይ ተጠምጥሞ የሚያሞቀው ቀበቶ የሚገዛው ይህን ለማስቀረት ነው።

የያዝነው የምርት ስም እንኳ ያልተጻፈበት፣ በዩኤስቢ የሚሠራ፣ ሦስት የሙቀት ደረጃ ያለው ተራ ቀበቶ ነው። በከፍተኛው ደረጃ በ5 ቮልት 2 አምፔር ገደማ ይስባል፤ 10 ዋት መሆኑ ነው። ከመስከረም እስከ ግንቦት ወንጪ ሐይቅ፣ ጣርማ በር እና ስሜን ተራሮች ሳንቃበር ላይ፣ በ24–70 እና በ70–200 ሚሊሜትር ሌንሶች ተሠርቶበታል።

ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት የሌንሱ የፊት መስታወት ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየለቀቀ በዙሪያው ካለው አየር በላይ ይቀዘቅዛል። ያኔ ነው አየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት እላዩ ላይ ውሃ የሚሆነው። ስለዚህ መስታወቱን ማጋል አያስፈልግም፤ ከአየሩ ሁለት ሦስት ዲግሪ ሞቅ ካለ ይበቃዋል። ለወንጪ መካከለኛው ደረጃ በቂ ነው፤ ከፍተኛው ደግሞ ውርጭ ለሚጥልበት ለሳንቃበር የኅዳርና የታኅሣሥ ንጋት ይቀመጥ። ያለ ምክንያት ከፍተኛውን የከፈተ ሰው ባትሪውን ይጨርሳል፤ በ200 ሚሊሜትር ደግሞ ከሌንሱ ፊት የሚነሳው ሙቅ አየር ምድጃ ዳር እንዳለ አየር እየተንቀጠቀጠ የሩቁን ተራራ ያደበዝዘዋል።

ቀበቶው የሚታሰረው ከሁዱ (ሌንሱ ጫፍ ላይ ከሚገጠመው ጥላ) ኋላ፣ ለፊት መስታወቱ በተቻለ መጠን ቀርቦ ነው። የዙም ወይም የፎከስ ቀለበት ላይ ካረፈ ቀለበቱን እየጎተተ ያዛባዋል። ሁዱን አታውልቁ፤ ራሱ ጤዛውን በከፊል ይከላከላል። ዩቪ ፊልተር (ሌንሱ ፊት የሚጠመዘዝ መከላከያ መስታወት) ካለ ግን አውልቁት። በፊልተሩና በሌንሱ መካከል ያለው አየር ሙቀቱን ስለሚያግድ ሌንሱ ደርቆ ፊልተሩ ጤዛ ለብሶ ይገኛል።

ሰዓቱ ደግሞ ከቦታው እኩል ወሳኝ ነው። ቀበቶው ጤዛን በመከላከል ጎበዝ፣ በማድረቅ ሰነፍ ነው። በኅዳር ፀሐይ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ስለምትወጣ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይብራ። ፎከስ የሚደረገው ቢያንስ 20 ደቂቃ ከሞቀ በኋላ ነው፤ ሌንሱ ሲሞቅ ፎከሱ ትንሽ ይንሸራተታል። አውቶ ፎከስ ጉም ውስጥ የሚይዘው ስለሚያጣ ወዲያ ወዲህ ይዋልላል። የጥድ ወይም የጅብራ ጠርዝ ፈልጋችሁ ስክሪኑ ላይ አጉልታችሁ በእጅ አስተካክሉና በማኑዋል ተዉት። (ብርሃኑንም ካሜራው ጉሙን አመድ እንዳያስመስለው ከሁለት ሦስተኛ እስከ አንድ ስቶፕ ጨምሩ፣ አንድ ስቶፕ ማለት የብርሃን እጥፍ ነው፤ ፀሐይዋ ራሷ ፍሬም ውስጥ ስትገባ መልሱት።)

ኃይሉን በሒሳብ እንየው። 10,000 ሚሊአምፔር ሰዓት የተጻፈበት ፓወር ባንክ 37 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ቮልቴጁን ሲቀይር የሚባክነው ተቀንሶ 30 ገደማ ይቀራል። በ5 ዋት ስድስት ሰዓት፣ በ10 ዋት ሦስት ሰዓት። ብርድ ከዚህም ይቀንስበታል፤ ፓወር ባንኩን ካልሲ ውስጥ ከትታችሁ ቦርሳ ውስጥ አኑሩት እንጂ ትራይፖድ ላይ አታንጠልጥሉት። ዝቅተኛው ደረጃ ላይ ሌላ ጣጣ አለ። የሚስበው ኃይል አነስተኛ ስለሆነ አንዳንድ ፓወር ባንክ ምንም ያልተሰካ መስሎት ራሱን ያጠፋል፤ ባለቤቱ የሚያውቀው ሌንሱ ከጤዘ በኋላ ነው። በአውሮፕላን ወደ ጎንደር የሚሄድ ሰው ፓወር ባንኩን በእጅ ሻንጣው ይያዝ።

አሁን ወደ ብልሽቱ። አምስተኛው ወር ላይ ገመዱ ከቀበቶው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ተበላሸ። መሥራቱን የሚያሳየው ትንሽ መብራት ይበራል፣ ቀበቶው ግን ይቀዘቅዛል፤ ገመዱን ሲያጣምሙት ለአፍታ ይሞቅና ይተዋል። በተጣጠፈ ቁጥር ውስጡ ያሉት ቀጫጭን የመዳብ ክሮች አንድ በአንድ ይበጠሳሉ። ተበይዶ፣ በኤሌክትሪክ ፕላስተር ተጠቅልሎ እስካሁን ይሠራል። ከመነሻው ገመዱን ሳታጥፉ በሰፊው ጠቅልሉት፤ ስትሰኩት ደግሞ መሳቡ መገናኛው ላይ እንዳያርፍ ትንሽ አላልታችሁ ከትራይፖዱ እግር ጋር እሰሩት። በበራ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ዙሪያውን በጣት ዳስሱ፤ መብራቱን ብቻ አትመኑ። መብራቱንም በፕላስተር ሸፍኑት፣ በጨለማ ረጅም ኤክስፖዠር (ካሜራው ለሰከንዶች ብርሃን እየሰበሰበ የሚያነሳው ፎቶ) ላይ ቀይ ነጸብራቅ ይጥላል።

የሚያጣብቀው ቬልክሮም የጋቢ ክርና ጭገጎት እየሰበሰበ መያዝ ይሳነዋል። አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይመልሰዋል።

ከዚህ ቀበቶ የማይጠበቅም አለ። ጣርማ በር ላይ ነፋስ የሚነዳው ጉም ጠብታ ሆኖ ሌንሱን ሲመታ 10 ዋት ምንም አያደርግም፤ ፍሬም ባነሳችሁ ቁጥር በጨርቅ ማድረቅና ካሜራውን ወደ መሬት ማዘንበል ብቻ ነው። ትንፋሽ የሚያጨልመውን፣ ዓይን የሚጠጋበትን የካሜራውን የእይታ መስኮትም አይነካም። ከብርድ ወደ ሞቀ መኪና ሲገባ ለሚፈጠረው ጤዛ መድኃኒቱ ፌስታል ነው፦ ውጭ እያላችሁ ካሜራውን ከትታችሁ ቋጥሩት፤ እስኪሞቅ አትክፈቱ።

ለ15 ደቂቃ በእጅ ይዞ ለሚያነሳ ሰው ጣጣው ይበዛበታል። ታይምላፕስ (በየተወሰነ ጊዜ ከተነሱ ፎቶዎች የሚቀናበር ቪዲዮ) ለሚሠራ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ ትራይፖድ ለሚተክል ግን ያለ እሱ መውጣት ከባድ ነው። ሁለተኛ ስትገዙ ገመዱ ከቀበቶው የሚነቀል ዓይነት ፈልጉ፤ ሲበጠስ ገመዱን ብቻ ትቀይራላችሁ።