ቮልሳችሁን ኤር ሰስፔንሽን ልታስገጥሙ ነው? ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

አዳማና አካባቢዋ ያላችሁ የቮልስ ባለቤቶች፣ ይህ ለእናንተ ነው። ሰሞኑን ቲክቶክ ላይ «ቁልፍ በመጫን ብቻ ቮልስዎን ዝቅ ከፍ እናደርጋለን» የሚል የኤር ሰስፔንሽን፣ ማለትም መኪናን በአየር ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ዕቃ፣ ማስታወቂያ በዝቷል። ቪዲዮው ያምራል። መኪናዋ ቀስ ብላ መሬት ላይ ትተኛለች፣ ከዚያ ሽው ብላ ትነሳለች። እኔም ያንን አይቼ ነው 165 ሺህ ብር የከፈልኩት። ዛሬ የአባቴ ቮልስ ግቢያችን ውስጥ ድንጋይ ተደግፋ ቆማለች።

የጋራዡን ስም አልጽፍም። አሠራሩን ካወቃችሁት የትም ብትሄዱ ትለዩታላችሁ፤ የሚጠቅማችሁም እሱ ነው።

መኪናዋ በፈረንጆች የ1972 ሞዴል፣ 1300 ሞተር ናት። አባቴ ከአዳማ ወንጂ ለሥራ የተመላለሰባት፣ እኔም መንዳት የተማርኩባት። ፍላጎቴ ብዙ አልነበረም። ሰርግ ስትጠራ ዝቅ ብላ እንድታምር፣ ሰፈር ውስጥ ኮብልስቶኑ ላይ ስገባ ደግሞ ከፍ እንድትል ነው። የጋራዡ ሰውዬ «ወንድሜ፣ በአምስት ቀን አስረክብሃለሁ፣ ዕቃው ኦሪጅናል ነው» አለኝ። 100 ሺህ ብር ቀብድ ሰጠሁት። አምስቱ ቀን አሥራ ስምንት ቀን ሆነ።

ነገሩ እንዲገባችሁ ቮልስ በምን እንደቆመች መጀመሪያ ልንገራችሁ። ቮልስ እንደ ብዙዎቹ መኪኖች ሞላ የላትም። እንደ ጭነት መኪናም ባሌስትራ ከሥሯ አታዩም። ክብደቷን የሚሸከመው የሚጠመዘዝ ብረት ነው። ከፊት ሁለት ቱቦዎች አንዱ ከአንዱ በላይ ተጋድመዋል። በውስጣቸው ስስ ጠፍጣፋ ብረቶች በጥቅል ገብተዋል። ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ጥቅሉ ይጠመዘዛል፣ ሲወጣ ይመለሳል። ከኋላ ደግሞ ግራና ቀኝ አንዳንድ ድፍን ዘንግ አለ። ከፌርዲናንድ ፖርሽ ዘመን ጀምሮ የመጣ አሠራር ነው። ስንት ዓመት ሙሉ በኛ አባጣ ጎርባጣ መንገድ ላይ ያልከዳን እሱ ነው።

ሾኩ ግን ሥራው ሌላ ነው። የቮልስ ሾክ መኪና አይሸከምም። መንጠሩን ያበርዳል፣ በቃ። ስለዚህ ሾኩ ከላይ የሚታሰርበት ብረት የመኪና ክብደት እንዲሸከም ተብሎ አልተሠራም። ይህችን ያዙልኝ። የኔ ጉዳት በሙሉ የመጣው ከዚህ ነው።

ጋራዡ ያደረገው ምን መሰላችሁ? አየር የሚሞላ ሾክ አምጥቶ በድሮው ሾክ ቦታ አሰረ። መኪናዋ መሬት ድረስ እንድትወርድ ደግሞ ከቱቦዎቹ ውስጥ ያለውን ጥቅል ብረት አውጥቶ አብዛኛውን ቆረጠው። ሳይነግረኝ። የፊቷ ክብደት፣ እዚያው ፊት ለፊት የተቀመጠው የቤንዚን ታንክ ጭምር፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያች በሾክ ማሰሪያ ላይ ተንጠለጠለ።

መጀመሪያ የታየኝ ትንሽ ነገር ነበር። ማታ አየር ሞልቼ አቆማታለሁ፣ ጠዋት በግራ ጎኗ ተኝታ አገኛታለሁ። ጆሮዬን ወደ ጎማው ሳስጠጋ ስስ የሆነ «ሽሽሽ» ይሰማል። ደወልኩ። «ትለምዳለች፣ አዲስ ስለሆነ ነው» አለኝ። አየር አይለምድም። የሚያፈስ ነገር ያፈሳል።

በተረከብኳት በአሥራ አንደኛው ቀን፣ በወንጂ መንገድ ልጄን ከኋላ አስቀምጬ ስሄድ፣ አንዲት ትንሽ ጉድጓድ ነካሁ። ፍጥነቴ ከ40 አይበልጥም። «ጧ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። መሪው ከእጄ ሊያመልጥ ወደ ግራ ጎተተኝ። ከኋላዬ ሸንኮራ የጫነ ተጎታች እየመጣ ነበር። ፍሬን ይዤ ዳር ስቆም የግራ ጎማዬ ፓራፋንጎው ውስጥ ተሰክቶ ይጨሳል። የተቃጠለ ጎማ ሽታው አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ። ልጄ ምንም አልሆነችም። እግዚአብሔር ይመስገን።

አስጎትቼ የወሰድኳት አባቴ ያሠራባቸው ወደነበሩ ሽማግሌ መካኒክ ነው። በክሪክ አነሷትና ጎንበስ ብለው በባትሪ አዩ። ከዚያ እጄን ይዘው ጣቴን ስንጥቁ ውስጥ ከተቱት። የሾኩ ማሰሪያ ከቱቦው ጋር ከተበየደበት እንደ ቆርቆሮ ተቀዷል። «ልጄ፣ ይሄ ብረት ጥፋት የለበትም። ያልተፈጠረበትን ሥራ ነው የሰጡት» አሉኝ።

እሳቸው እየፈቱ በሄዱ ቁጥር ሌላ ጉድ ይወጣል። የቮልስ ባትሪ የኋላ ወንበር ሥር ነው። የአየር ኮምፕሬሰሩን ደግሞ ፊት ኮፈኑ ውስጥ፣ ከቤንዚን ታንኩ አጠገብ ነው ያሰሩት። ከባትሪው እስከዚያ የሬዲዮ በመሰለ ቀጭን ሽቦ ምንጣፍ ሥር አሳልፈው አገናኝተውታል። ፊዩዝ የለውም። የሽቦው ልባስ ከሙቀት የተነሳ ለስልሶ ምንጣፉ ላይ ተጣብቋል። እንዲህ ያለ ኮምፕሬሰር ሲሠራ 20 አምፔርና ከዚያ በላይ ይስባል። የኔ ዓይነቷ ቮልስ ዲናሞ ደግሞ በደህና ፍጥነት ሲዞር እንኳ የሚሰጠው 30 አምፔር አካባቢ ነው። ሞተሯ ተነስቶ ቆማ ስትንፈቀፈቅማ ምንም አይሰጥም ማለት ይቻላል። ማታ መብራት አብርታችሁ ኮምፕሬሰሩ ከተነሳ የምትኖሩት በባትሪው ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ጊዜ ባትሪ የሞተብኝ ለካ ለዚህ ኖሯል።

ከኋላ የፕላስቲክ የአየር ቱቦው ጭስ ማውጫው ላይ ተደግፎ ቀልጧል። የአየር ታንኩ ውሃ ማፍሰሻ ወደ ላይ ዞሮ ነው የታሰረው። አየር ሲጨመቅ ውሃ ይቋጥራል። ያ ውሃ ታንኩ ሥር ተኝቶ ብረቱን ይበላል፣ ወደ ቫልቮቹም ይሄዳል። ማፍሰሻው ወደ ላይ ከዞረ ውሃው በየት ይወጣል?

የኋላ ጎማዎቼም በሁለት ሳምንት ውስጥ በውስጥ በኩል ተላጭተዋል። ይሄኛውን ጥሩ ባለሙያ እንኳ አስቀድሞ ሊነግራችሁ ይገባል። የብዙዎቹ ቮልሶች የኋላ አክስል ከካምቢዮው አጠገብ ብቻ ነው የሚታጠፈው። መኪናዋ ዝቅ ስትል ጎማዎቹ ከታች ይበረገዳሉ፣ በውስጥ ጠርዛቸው ይሄዳሉ። በጣም ከፍ ስትል ደግሞ ከታች ይሰበሰባሉ። በዚያ ሁኔታ ኩርባ ላይ መፍጠን አደጋ ነው። አየር ሞልታችሁ ከፍ ባለችበት የአሰላን መንገድ ልትነዱ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ተዉት።

ኤር ሰስፔንሽን በራሱ መጥፎ ነው አልልም። ብዙ ትልልቅ አውቶቡሶች በአየር ነው የሚሄዱት። ለቮልስ ተብሎ በደንብ የተሠራ ዕቃም አለ። እሱ ግን አየር የሚሞላው ፊኛ ክብደቱን በጠንካራ ማሰሪያ ወደ ቱቦውና ወደ ሻንሲው ያወርዳል። ሾኩ ለብቻው ይታሰራል። ስለዚህ ጋራዥ ስትገቡ ስለ ቀለሙና ስለ ቁልፉ አትጠይቁ። «ክብደቱን የሚሸከመው የቱ ብረት ነው? በጣትህ አሳየኝ» በሉ። ጣቱ ወደ ሾኩ ማሰሪያ ከሄደ ቁልፋችሁን ይዛችሁ ውጡ። ከዚህ በፊት የገጠመላትን መኪና ያሳያችሁ፣ ባለቤቷን ለብቻው አነጋግሩት፣ ስድስት ወር የሞላት ትሁን። ትናንት ተገጥማ ዛሬ ቪዲዮ የተነሳችውን አትቁጠሩ።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝን ልንገራችሁ። ወደ ጋራዡ ሄጄ «ቢያንስ የድሮ ብረቴን መልስልኝ፣ እንደነበረች ላድርጋት» አልኩት። «ቁራሌው ወሰደው» አለኝ። አባቴ እነዚያን ብረቶች ዓመት እየጠበቀ ግሪስ ሲያጠጣቸው ኖሯል። በኪሎ ተሸጡ። እባካችሁ፣ የሚፈታ ዕቃ ሁሉ ሳይቆረጥ ወደ ቤታችሁ እንዲመለስ ውላችሁ ላይ አስጽፉ። ሙሉው ቱቦ ሳይነካ ወጥቶ ሌላ ከተተካ መመለሻ አላችሁ። ከተቆረጠ ግን አለቀ።

ስለ ገንዘቡ። ደረሰኙ ላይ የተጻፈው «የመኪና እድሳት» ብቻ ነው፣ እሱም 40 ሺህ ብር ተብሎ። ቀሪው ያለ ደረሰኝ ሄደ። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች የተበላሸ አገልግሎት ሲያገኝ በ15 ቀን ውስጥ በነፃ እንዲሠራለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። እኔ መኪናዋ በተሰበረችበት በአሥራ አንደኛው ቀን እንደገና ደወልኩለት። «ሰኞ ና» አለኝ። ሰኞ ሄድኩ፣ «ሐሙስ እናያታለን» አለኝ። ሐሙስ ስልኩ ዝግ ነበር። በዚህ መሐል 15 ቀኑ አለፈ፣ በጽሑፍ የያዝኩት ነገር የለኝም። በቃል ተስፋ አትጠብቁ። ችግሩ በታየበት ቀን በጽሑፍ አቤቱታ አስገቡ፣ ኮፒው ላይ አስፈርሙ፣ ወደ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤትም ውሰዱት። ስንጥቁንም፣ ሽቦውንም ሳይነካ ፎቶ አንሱ።

ሽማግሌው መካኒክ አሁን ሶማሌ ተራ ሙሉ የፊት ቱቦ አፈላልገውልኝ አንድ ተገኝቷል። ከፍለን ከማምጣታችን በፊት ውስጡ ያለውን ጥቅል በዓይናችን ለማየት ቅዳሜ አብረን እንሄዳለን።

ቀብድ ሰጥታችሁ መኪናችሁ ገና ያልተፈታች ካላችሁ ግን ቅዳሜን አትጠብቁ። ዛሬውኑ ሂዱና ከፊት ሥሯ ገብታችሁ እዩ። ብረቱ ገና አልተቆረጠም ይሆናል።